መሻከር የትጋት ምልክት አይደለም

ሰሞኑን በመዘምራን መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ርእሱ «ድምፅ ሲደማ ይከፈታል» ይላል። የላከችልኝ ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዷ ናት፤ ከሥሩም «እትዬ፣ ታዲያ እኛን ሲሻክረን ለምን ያሳርፉናል?» የሚል ጥያቄ አክላበታለች። ይህን ምላሽ የምጽፈው በመጀመሪያ ለእርሷ፣ ቀጥሎም ጽሑፉን አንብበው ዝም ብለው ለተቀበሉ ልጆች ሁሉ ነው።

ጸሐፊው መዘምራንን ለሠላሳ ዓመታት ያህል እንዳሠለጠኑ ይገልጻሉ። ዕድሜያቸውንም ድካማቸውንም አከብራለሁ። ያለ ክፍያ፣ ብዙ ጊዜም ያለ በቂ መሣሪያ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ስለማውቅ፣ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት የቆየን ሰው በቀላሉ ለመንቀፍ አልነሣም። ነገር ግን የጻፏቸው ምክሮች ልጆችን ይጎዳሉ። እንዴት እንደሚጎዱ ያወቅሁት ደግሞ በማንበብ ብቻ አይደለም።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ገበሬ ዶማ ሲይዝ መጀመሪያ መዳፉ ይቆስላል፣ ከዚያ መጅ ያወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አይሰማውም። ጉሮሮም እንዲሁ በጩኸት ይቆስላል፣ ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ይከፈታል። ስለዚህ ከልምምድ በኋላ ድምፁ የሻከረ ዘማሪ ሊደሰት ይገባዋል ይላሉ።

ምሳሌው ደስ ይላል፤ ብዙ ሰው ያሳመነውም እርሱ ይመስለኛል። ችግሩ ጸሐፊው ባሰቡት በተቃራኒው መሥራቱ ላይ ነው። መዳፍ ላይ የሚወጣው መጅ ለገበሬው መከላከያ ነው። የድምፅ አውታር ላይ የሚወጣው መጅ ግን በሽታው ራሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በማንቁርታችን ውስጥ ትይዩ የሆኑ ሁለት ለስላሳ እጥፋቶች አሉ፤ የድምፅ አውታር የምንለው እነርሱን ነው። ርዝመታቸው በአዋቂ ሴት ከ2 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ የወንድም ቢሆን ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ውስጣቸው ጡንቻ ነው፤ ላያቸው ግን እንደ እርጥብ ሐር ስስ በሆነ ሽፋን ተለብጧል። ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይህ ሽፋን እንደ ውሃ ሞገድ እየተንቀሳቀሰ ይገናኛል፣ ይለያያል። ድምፅ የምንለው ከዚህ ይነሣል። የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚቃኙበት «ላ» በሰከንድ 440 ንዝረት ነው፤ ይህን ድምፅ የምታዜም ሴት አውታሮቿ በአንድ ሰከንድ 440 ጊዜ ይነካካሉ ማለት ነው። ዝቅ አድርገን በአማካይ 300 ብንል እንኳ፣ በአንድ ልምምድ ውስጥ በድምሩ ግማሽ ሰዓት ድምፅ ያወጣች ልጅ አውታሮቿ 540,000 ጊዜ ተነካክተዋል። በለስላሳው ሲነካኩ ሽፋኑ ይችለዋል። በጩኸት ሲላተሙ ግን ሽፋኑ ያብጣል፤ ያበጠውን ሳያሳርፉ በማግስቱ ሲደግሙት እብጠቱ እየጠጠረ ይሄዳል። ያበጠ አውታር ደግሞ ደኅና አድርጎ አይገጥምም። በክፍተቱ አየር ያመልጣል፣ ሞገዱ ይዛባል፣ ድምፁ ይሻክራል። መሻከር የምንሰማው ይህንን ነው። ጸሐፊው «እየተከፈተ ነው» ያሉት በር፣ መዝጋት ያቃተው አውታር ነው።

እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ አልቶ (ዝቅተኛውን የሴት ድምፅ የምዘምር) ነበርሁ። ለአንድ ትልቅ ጉባኤ ዘጠኝ ሌሊት በተከታታይ ተለማመድን። በአራተኛው ሌሊት ድምፄ ሻከረ። አሠልጣኛችን እንደ ጸሐፊው ሁሉ በቅንነት «ተይው፣ እየተከፈተልሽ ነው» አሉኝ፤ እኔም ኮራሁ። በጉባኤው ዕለት ዘመርሁ፤ በማግስቱ ግን «እንደምን አደራችሁ» ለማለት እንኳ ድምፅ አልነበረኝም። አራት ወር ቆይቼ ሐኪም ዘንድ ስሄድ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ በስክሪን አሳየኝ። በሁለቱ አውታሮች ላይ፣ ከፊት በኩል አንድ ሦስተኛው ላይ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ነጫጭ ጉብታዎች ነበሩ። መጁ ይህ ነበር። በቢላ መቆረጥ አላስፈለገኝም። አነጋገሬን ጭምር እንደ አዲስ ተምሬ፣ ለሰባት ወራት ያህል መዝሙር ሳልነካ ቆይቼ ዳንሁ። ሁሉም ግን እንደ እኔ አይመለስለትም። ከእኔ ጋር ከዘመሩት መካከል ዛሬም ድምፃቸው እንደተሰበረ የቀረ አሉ።

ድምፅ በልምምድ እንደሚጠነክር ጸሐፊው መናገራቸው ትክክል ነው። የሚጠነክሩት ግን ትንፋሽን የሚቆጣጠሩት ጡንቻዎችና የአውታሮቹ የውስጥ ጡንቻ ናቸው፤ የሚሻሻለውም የእነርሱ መናበብ ነው። ላዩ ሽፋን በመቁሰል አይጠነክርም። ስለዚህ ከልምምድ በኋላ ጎንና ወገቡ የደከመው ልጅ ደኅና ሠርቷል፤ ጉሮሮው የሻከረው ልጅ ግን የሆነ ነገር ተበላሽቶበታል። ይህንን ለመለየት እኛ የምንጠቀምበት ቀላል መፈተኛ አለ። ልምምድ ሲጀመርና ሲያበቃ አንድ አጭር ዜማ ከፍ ባለ ቅኝት፣ ነገር ግን በጣም በለሆሳስ እናዜማለን። ሽፋኑ ማበጥ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ቀጭን ድምፅ ነው። ጮኸን ብንዘምር እብጠቱን በኃይል ስለምናልፈው አይታወቀንም።

ጸሐፊው ለዚህ ሐሳባቸው ምስክር አድርገው ያቀረቡት ቅዱስ ያሬድን መሆኑ ከሁሉ ይበልጥ አሳዝኖኛል። በትውፊታችን ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ደሙም ፈሰሰ፤ ሁለቱም ግን በዜማው ተመስጠው አላወቁትም። «እውነተኛ ዘማሪ ሕመም አያቆመውም» የሚል ትምህርት ከዚህ አውጥተዋል። እስኪ ታሪኩን መልሰን እናንብበው። ጦሩ ያረፈው እግሩ ላይ ነው። ያቆሰለው ዜማው አይደለም፤ ዜማውማ ቁስሉን አስረሳው። ዜማ ጉሮሮን እያደማ ሊወጣ ይገባዋል የሚል ቃል በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም። በልጆቻችን ጉሮሮ ላይ ጦሩን የምንተክለው እኛ ሆነን ሳለ ያሬድን ምስክር መጥራት አይገባንም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው «የድምፅ ቴክኒክ የፈረንጅ ነው፤ አባቶቻችን ድምፃቸውን ሳያሟሙቁ፣ ሳያርፉ ሌሊቱን ሙሉ ዘምረዋል» የሚለው ክርክራቸው ነው። የድምፅ አውታርን በመስተዋት እየተመለከተ ያጠናው ሰው በእርግጥ የውጭ ሰው ነው፤ ስፔናዊው የዜማ መምህር ማኑኤል ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1854 የገዛ ራሱን አውታሮች በትንሽ መስተዋትና በፀሐይ ብርሃን አይቷል። አካሉ ግን የፈረንጅም የሐበሻም አንድ ነው። ደግሞስ አባቶቻችን ሳያሟሙቁና ሳያርፉ ዘምረዋልን? ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን አይልም። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቀባበላሉ፤ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ያዳምጣል፣ ያርፋል። ዜማው መጀመሪያ በቁም ዜማ ረጋ ብሎ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ ከበሮው ገብቶ መረግድ ይሆናል፤ ጭብጨባና ፈጣን ምት ያለው ጽፋት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ይህ ከዝግታ ወደ ኃይል የሚወጣ ሥርዓት ነው። የዜማ ተማሪም ቢሆን የያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓውን፣ የሚጨርሰው ከመምህሩ እግር ሥር ለዓመታት ተቀምጦ ነው እንጂ በአንድ ሳምንት ጩኸት አይደለም። ሊቃውንቱ ማሟሟቅ የሚል ስም አልሰጡት ይሆናል፤ በአሠራራቸው ውስጥ ግን አለ። እኛ ነን የዘለልነው። ልጆቹን ከትምህርትና ከሥራ እንደመጡ አቁመን፣ የመጀመሪያውን መዝሙር ከላይኛው ድምፅ በሙሉ ኃይል የምናስጀምረው እኛ ነን።

ለማሟሟቅ ውድ ነገር አያስፈልግም። ከንፈርን እንደ ሕፃን እያርገበገቡ ከታች ወደ ላይ መውጣትና መውረድ ይበቃል። በቀጭን የመጠጫ ቱቦ ውስጥ ማዜምም እንደዚሁ ይሠራል፤ ይህን አሜሪካዊው የድምፅ ሳይንቲስት ኢንጎ ቲትዝ ብዙ አስተምሮበታል። አፍ ሲጠብ ወደ ኋላ የሚመለሰው የአየር ግፊት አውታሮቹን በመጠኑ አራርቆ ስለሚይዛቸው፣ ሳይላተሙ ይንቀሳቀሳሉ። አሥር ደቂቃ በቂ ነው።

«ከሆዳችሁ ዘምሩ፤ ሆዳችሁን አጠንክራችሁ ግፉ» የሚለው ምክር በየልምምድ አዳራሹ የሚሰማ ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም፤ እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ። ግን ስሕተት ነው። ድያፍራም የሚባለው ከሳንባ ሥር ያለ ጡንቻ የሚሠራው አየር ስናስገባ ነው። ወደ ታች ሲወርድ የሆድ ዕቃን ስለሚገፋ ሆዳችን ወደ ፊት ይወጣል፤ ሰው «ከሆድ መተንፈስ» የሚለው ይህንን ነው። ስንዘምር ግን ሥራው አየሩን መግፋት ሳይሆን በቁጠባ መልቀቅ ነው። ጣልያኖች መደገፍ ወይም መደላደል በሚል ትርጉም አፖጆ ይሉታል፤ ሳንባችን ከሞላ በኋላ ጎድኖቻችን ቶሎ እንዳይወድቁ ከፈት አድርጎ ማቆየት ነው። ሆዱን አጠንክሮ የሚገፋ ልጅ ብዙ አየር በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይልካል። አውታሮቹ ያንን ለማገድ እርስ በርስ ተጨናንቀው ይይዛሉ፤ አንገቱ ላይ ሥር ይገተራል፤ አገጩ ይወጣል። ያን የተገተረ ሥር አይተን «እንዴት ያለ ተመስጦ ነው» እንላለን። እኔ ለልጆቼ «ግፉ» ማለትን ትቼ «ጎናችሁን አታስጥሉ» ማለት ከጀመርሁ ወዲህ ያየሁት ለውጥ ትልቅ ነው። ረጅሙን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ያቃታቸው የነበሩት ይጨርሱታል።

ስለ ጥሬ እንቁላል፣ ማርና ዝንጅብል ብዙ አልልም። ጸሐፊው እነዚህ «አውታሩን ያለሰልሳሉ፣ ያጥባሉ» ብለዋል። የምንውጠው ነገር ሁሉ የሚያልፈው በምግብ ቧንቧ በኩል ነው፤ አውታሮቹ ያሉት በአየር ቧንቧ አናት ላይ ነው። ማር አውታሮቻችንን ቢነካ ኖሮ ትን ይለን ነበር። ማርና ዝንጅብል ጉሮሮን ስለሚያሞቁ ደስ ይላሉ፣ አይከለከሉም፤ ጥሬ እንቁላል ግን ሆድ ከማሳመም በቀር የሚሰጠው የለም። ውሃም ቢሆን አውታሩን የሚያርሰው በደም በኩል ዞሮ ነው። ስለዚህ መድረክ ሊወጡ ሲሉ የሚጎነጩት ውሃ ለዚያ ሰዓት መዝሙር አይደርስም፤ ከብዙ ሰዓት በፊት መጠጣት ያስፈልጋል። በቀጥታ የሚደርሰው የምንተነፍሰው አየር ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው የሞቀ ውሃ እንፋሎት የሚረዳው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የበጋው አየር ደረቅ ነው። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ዘማርያን አሉ። ጾሙ ይጠበቅ፤ ግን በእነዚያ ሳምንታት ከባዱን ልምምድ ከቀትር በፊት የሚያደርግ አሠልጣኝ የልጆቹን ድምፅ በደረቁ እያሠራ መሆኑን ይወቅ። ልምምዱን ወደ ማታ ማዛወር ምንም አያስከፍልም።

አሁን ወደ ኅብረት ዝማሬ ልምጣ፤ በጽሑፉ ውስጥ በጣም የተምታታው ክፍል ይህ ነውና። ጸሐፊው ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ኅብረት የብቸኛ ዘማሪን ድምፅ ስለሚያበላሽ ተሰጥኦ ያለው ሰው ከኅብረቱ ይውጣ። ሁለተኛ፣ በኅብረት ውስጥ የቀረው ሰው የራሱን ድምፅ እስከማይሰማ ድረስ ከሌሎች ጋር ይደባለቅ።

የመጀመሪያውን የሚሽር ጥናት አለ። ስዊድናዊው ዮሃን ሰንድበርግ የሠለጠኑ የኦፔራ ዘማርያን፣ በተለይም ወንዶቹ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ከትልቅ ኦርኬስትራ በላይ እንዴት እንደሚሰሙ ሲመረምር፣ በድምፃቸው ውስጥ በሰከንድ 3,000 ንዝረት አካባቢ የተከማቸ ኃይል አገኘ። የኦርኬስትራው ኃይል የሚበረታው ደግሞ በጣም ዝቅ ብሎ 500 አካባቢ ነው። ስለዚህ ዘማሪው ኦርኬስትራውን በጩኸት አይበልጠውም፤ ኦርኬስትራው ባልያዘው ቦታ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሰንድበርግና ሁለት ባልደረቦቹ ያንኑ ሰው አንድ ጊዜ ብቻውን፣ አንድ ጊዜ በኅብረት አዘምረው አነጻጸሩ። ብቻውን ሲዘምር ያ በ3,000 አካባቢ ያለው ኃይል ጎላ፤ በኅብረት ሲዘምር ደግሞ መሠረታዊው ድምፅ በረታ። አንዱ ጉሮሮ ሁለቱንም አውቆ ይሠራል ማለት ነው። ሽማግሌ ፊት ቆሞ የሚናገርና ልጁን የሚያስተኛ ሰው አንድ ሰው ሆኖ አነጋገሩን እንደሚለውጥ ሁሉ፣ የሠለጠነ ዘማሪም ያለበትን ቦታ አይቶ ይለውጣል። ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ከኅብረት ማስወጣት ኅብረቱን ያደኸያል፣ እነርሱንም ማዳመጥ ያስረሳቸዋል።

የሁለተኛው ምክር ጉዳት ከዚህ ይብሳል። ሰው የራሱን ድምፅ ካልሰማ ሳያውቀው ይጮኻል። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ እ.ኤ.አ. በ1911 በጆሮ ላይ ጫጫታ ሲጨመር ተናጋሪው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል፤ ነገሩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አሁን የእኛን መድረክ አስቡት። ሃያና ሠላሳ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመዋል። ኪቦርዱና ከበሮው በትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ይጮኻሉ። ማጉያዎቹ ወደ ሕዝቡ ስለዞሩ ለመዘምራኑ የሚደርሳቸው የተምታታ ጉርምርምታ ነው። እያንዳንዷ ልጅ ራሷን ፍለጋ ትጮኻለች፤ አጠገቧ ያለችው የእርሷን ጩኸት ለማለፍ ትጮኻለች፤ የድምፅ ባለሙያው ደግሞ ይህን ሁሉ ለማለፍ መሣሪያውን ይጨምራል። በዚህ መካከል አሠልጣኙ «ድምፃችሁ አይሰማም!» ይላል። መሻከር የሚወለደው እዚህ ነው፤ ልጆቹ ስለሰነፉ አይደለም።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። በመካከላቸው የአንድ ክንድ ያህል ቦታ ተውን፤ የኋላውን ረድፍ በደረጃ ከፍ አደረግነው፤ አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወደ ራሳቸው አዞርን፤ መሣሪያውን ቀነስን። የአንዳንድ መዝሙሮችን ከፍታም ዝቅ አድርገን እንደ አዲስ ቃኘን፤ ምክንያቱም ለአንድ ዝነኛ ዘማሪ ድምፅ የተሠራ ከፍታ ለሠላሳ ልጆች ጉሮሮ ሕግ ሊሆን አይገባም። በአንድ ወር ውስጥ በየእሑዱ ሻክሮ የሚመጣው ልጅ ቁጥር ዓይኔ እያየ ቀነሰ። በቴክኒክ ምንም አልጨመርንላቸውም ነበር፤ መስማት እንዲችሉ ብቻ አደረግን። መደባለቅ የሚመጣው ራስንም ባልንጀራንም በአንድነት በመስማት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዝግ ብሎ መዘመር ሁልጊዜ ደኅና ነው ማለት አይደለም። «ድምፅሽ ይወጣል፣ ቀንሺ» የተባለች ልጅ ብዙ ጊዜ ጉሮሮዋን አጥብባ ነው የምትቀንሰው፤ ይህም እንደ ጩኸት ያደክማል። ሴት ሁሉ አንደኛ ድምፅ፣ ቀጭን ድምፅ ያለው ወንድ ሁሉ ቴነር (ከፍተኛው የወንድ ድምፅ) እየተባለ ያለ ምርመራ መመደቡም ሌላ የተለመደ በደል ነው። እኔ ልጆቼን በየስድስት ወሩ አንድ በአንድ እሰማለሁ፤ የሚመቻቸው ቦታ ይለወጣልና።

ድምፅ ለተዘጋበት ሰው ጸሐፊው የሰጡት ምክር «በሹክሹክታ ተናገር፣ የሕመም ማስታገሻ ውሰድና መድረክህን አትልቀቅ» የሚል ነው። ሹክሹክታ ለብዙ ሰው ዕረፍት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት 100 ሕሙማን 69ኙ ሲያንሾካሽኩ ከአውታሮቹ በላይ ያለው የማንቁርት ክፍል ይበልጥ ተጨናንቆ ታይቷል። ማረፍ ካስፈለገ ዝም ማለት፣ መናገር ካስፈለገ በለስላሳ በተለመደው ድምፅ ማውራት ይሻላል። የሕመም ማስታገሻውን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፦ አስፕሪን ደም ያቀጥናል። በተቆጣ አውታር ላይ እየጮኹ እርሱን መውሰድ የአውታሩ ደም ሥር ሲፈነዳ መድማቱን ያበረታል። በዝማሬ መካከል ድምፁ በድንገት ቁርጥ ያለበት ሰው እዚያው ማቆም፣ አለመናገርና ሐኪም ማየት አለበት። ከአራት ሳምንት ያለፈ መሻከርም፣ ዘማሪ ለሆነም ላልሆነም፣ ማንቁርቱን በሚያይ ሐኪም መታየት አለበት፤ ምክንያቱ ከእብጠት የከፋ ሊሆን ይችላልና።

በመጨረሻ ጽሑፉን እንዳነበብሁ ዕረፍት ስለነሣኝ አንቀጽ ልናገር። ጸሐፊው ድምፃቸው መለወጥ የጀመሩ ወንዶች ልጆች «የልጅነት ድምፃቸው እንዳይጠፋ በየቀኑ ከፍ ባለው ድምፅ ይጩኹ» ይላሉ። በዚህ ዕድሜ ማንቁርት በፍጥነት ያድጋል፤ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ፤ የንግግር ድምፅ ወደ አንድ ሙሉ ኦክታቭ (ከአንድ «ላ» እስከ ቀጣዩ «ላ» ያለ ርቀት) ገደማ ይወርዳል። ይህ እንደ ቁመት ሁሉ የሚመጣ ዕድገት ነው፤ በጩኸት የሚቆም አይደለም። በእኛ ኅብረት አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለ፤ እስከ አምና ድረስ ከሴቶቹ ጋር አንደኛ ድምፅ ይዘምር ነበር። ድምፁ በመዝሙር መካከል ሲሰበርበት ልጆቹ ይስቁ ስለነበር መምጣት አቆመ። ቤቱ ሄጄ አነጋገርሁት፤ አሁን አምስት ድምፅ ብቻ በሚነካ ጠባብ ዜማ፣ ከወንዶቹ ጎን ቆሞ፣ ሲሰበርበት ዝም እያለ፣ ሲመቸው እየገባ ይዘምራል። ይህ ጽሑፍ ከእርሱም ስልክ ላይ ደርሷል፤ ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ሳይጀመር ጓሮ ለብቻው ቆሞ ሲጮኽ አገኘሁት።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህንን አንድ ነገር ነው። በሌላው ሁሉ ባንስማማ፣ ይህን አንቀጽ ከጽሑፍዎ ያውጡልኝ፤ ማውጣትዎንም ጽሑፉ በተሠራጨበት መንገድ ሁሉ ለልጆቹ ይንገሩልኝ።